የእትዬ አልጣሽ ጉድጓድ ትንፋሽ ሲመዘን

መምህር ሀብቴ ስማዳ ተወልዶ፣ ድጓ ይማር ተብሎ ቤተ ልሔም ተልኮ፣ ኋላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የሳይንስ አስተማሪ ሆኖ የተገኘ ሰው ነው። በመካከሉ ምን እንደሆነ አባቱ ለዘመድ ሲያስረዱ «መንገድ ጠፍቶት ነው» ይሉ ነበር። ሰውዬው ረጅም፣ ቀጭን ነው። ኮቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል፤ የተሰፋውም ለሌላ ሰው ነበር።

እውቀት አልጎደለውም። የጎደለው ትዕግሥት ነው፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ከአፉ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ አይመለስም። አንድ ጊዜ ጨረቃ ማክሰኞ ትጨልማለች ብሎ ለሰፈሩ ተናገረ። ሰፈሩ ማክሰኞ ደጅ ወጥቶ አንጋጦ አመሸ። ጨረቃዋ የጨለመችው ሐሙስ ነው። ሀብቴን ቢጠይቁት «ዘግይታ ነው» አለ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ከእርሱ አፍ የሰማ ሰው አልነበረም።

የሚኖረው እትዬ አልጣሽ ግቢ፣ ከማጀቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። እትዬ አልጣሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩ፣ ድምፃቸው አጥር የሚሻገር ሴት ናቸው። ደስ ሲላቸው «መምህር» ብለው አንቱ ይሉታል፤ ሲቆጡ «አንተ ልጅ» ይሆናል። ሀብቴ ጧት ሲወጣ ሰማዩን አያይም ነበር፤ የዕለቱን ሁኔታ በዚህ ያውቀዋል።

የእትዬ አልጣሽ ትልቁ ሀብት አይታይም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ጓሮ የቆፈሩት የእህል ጉድጓድ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ገብሱ በተወቃ ሰሞን ይገባና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በገለባና በጭቃ ይመረጋል፤ የሚከፈተው ክረምት ላይ ጎታው ሲራቆት ነው። የሚበሉትም የሚጠምቁትም ከዚያ ነው። ግቢው ደግሞ ከግራዝማች ተሻገር ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። አጥሩ ላይ ክርክር አለ። ክርክሩ ከአጥሩ ይጠነክራል።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም፣ በአንዱ ሐምሌ፣ ጎታው ተራቆተና ጉድጓዱ ይከፈት ተባለ።

ደንቡ የታወቀ ነው። ጉድጓድ ጧት ተከፍቶ ከብት እስኪገባ ይተዋል፤ «ይተንፍስ» ይባላል። ከዚያ ዶሮ በእግሯ ታስራ ትወርዳለች። ከተንጫጫች ሰው ይከተላታል፤ ዝም ካለች ለሌላ ቀን ይቆያል። ያን ዕለት የወረደችው ዶሮ ግን ገና ስትያዝ ጀምራ ሰፈሩን ስላደነቆረችው፣ ሁሉም «ይኸው ትንጫጫለች» ብሎ ተስማማ። ጩኸቷ የት ላይ እንደቆመ ልብ ያለ የለም።

የወረደው ካሳ ነው። ካሳ የሰፈሩ ነጭ ለባሽ ነው፤ ጠመንጃ አለው፣ ጥይት የለውም። ወገቡን በገመድ ታስሮ እየፎከረ ወረደ፤ ፉከራው መካከል ላይ ተቆረጠ። አራት ሰው ጎትቶ ሲያወጣው ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ውሃ ሲረጩበትና ሲያራግቡለት ነፍሱ ተመለሰች። ዶሮዋ አልተመለሰችም።

«ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች» አለ ካሳ ቁጭ ሲል። «‹እንደምን ዋልህ› አለችኝ። ‹ደህና› ከማለቴ አንገቴን ያዘችኝ።»

«ለምን መለስህላት?» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«ሰላምታ ነዋ።»

የደብሩ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ መጡ። በጉድጓዱ አፍ አጎንብሰው አዩና ዛር ሰፍሮበታል፣ ቀይ በግ ይፈልጋል አሉ። እትዬ አልጣሽም «በግ ቢኖረኝማ ገብስ ፍለጋ ጉድጓድ ምን አስከፈተኝ» አሉ። ግራዝማች ተሻገር ከአጥሩ ባሻገር ሆነው፣ የሰው አባት መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ከዚህ የተሻለ ነገር አያመጣም ሲሉ ተሰሙ።

ሀብቴ፣ ትምህርቱ ለክረምት ቢዘጋም፣ ከትምህርት ቤት ውሎ ሲገባ የደረሰው በዚህ ላይ ነው።

«ሴት የለችም» አለ። «ያለው አየር ነው። እኛ የምንተነፍሰው ዓይነት ግን አይደለም። ስሙን አውጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ክርስትና ሊያነሱት ነው?» አሉ እትዬ አልጣሽ። ገና አንቱ ላይ ነበሩ።

«ልመዝነው ነው። አየር ሁሉ የየራሱ ክብደት አለው። ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ምን ያህል ጫና እንዳለበት፣ ምን ያህል እንደሞቀ ካወቅሁ፣ ስንት ቅንጣት እንዳለበት ሕጉ ይነግረኛል። ክብደቱን ለዚያ ሳካፍለው አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ስሙ ነው።»

«ጌሾ ሳይመዘን ስሙ ጌሾ ነው።»

«ጌሾ ይታያላ።»

እትዬ አልጣሽ ይህን አሰቡበትና «እንግዲያ ይመዘን» አሉ። እንግዲህ ካሁን ወዲያ ስለ አየሩ የሚናገረው ሀብቴ፣ ስለ ገብሱ የሚጨነቁት እትዬ አልጣሽ ናቸው።

ሀብቴ ወዳጁን ሥዩምን ጠራ። ሥዩም የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነው፤ የመድኃኒት ሚዛን አለው፣ የደም ግፊት መለኪያም አለው። ሀብቴ ከመለኪያው ላይ መንፊያውን ጎማ ነቀለና በአንዱ ጫፉ ረጅም ቱቦ፣ በሌላው ጫፉ የትምህርት ቤቱን ኳስ የውስጥ ጎማ ገጠመበት። ቱቦው ድንጋይ ታስሮበት ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከዚያ መጭመቅ ብቻ ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ ሰፈሩም ተራ ያዘ። ግፊታቸው ሊለካ ክሊኒክ መጥተው የሥዩምን ጎማ እስከ ግቢው የተከተሉ አንዲት አሮጊት እንኳ ሳይቀሩ ጨመቁ፤ «ተለካሁ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁና «ደህና ነዎት» ተብለው ሄዱ።

ጎማው ሲሞላ ጠላ መጥመቂያው ጋን እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ ጎማው ተደፈቀበት። የፈሰሰው ውሃ ከሥር በገበታ ተጠራቅሞ ሲለካ አምስት ሊትር ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ቦታው ታወቀ ማለት ነው። ሙቀቱን ቴርሞሜትር ነገረው። የቀረው ጫናው ነው። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በአውራጃው አልነበረም። ሀብቴ ግን ውሃ አፈላና ቴርሞሜትሩን ከተተበት፤ ውሃው መቶ ሳይደርስ ዘጠና ሁለት ላይ ተንተከተከ።

«የደጋ ውሃ ቸኳይ ነው» አለ ሥዩም።

«ውሃው አይደለም። አገሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከላይ የሚጫነው አየር ሳስቷል» አለ ሀብቴ። ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ዘጠና ሁለት ላይ ለሚፈላ ውሃ የተጻፈውን ጫና ወሰደ። በዚህ ነገር ጎበዝ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ባዶውን ጎማ ጠቅልሎ አስቀድሞ መዝኖት ነበር። አሁን የተነፋውን መዘነ። በሁለት ግራም ከምናምን በለጠ። አባዛ፣ አካፈለ። አሥራ አምስት ከምናምን ወጣ። ምናምኑን በሥዩም ሚዛን አሳበበና «አሥራ ስድስት» አለ።

«አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ እትዬ አልጣሽ፤ አማተቡ።

ሀብቴ መጽሐፉን ገለጠ። የምንተነፍሰው አየር ሃያ ዘጠኝ ይላል። አሥራ ስድስት ላይ ሜቴን የሚባል ተጽፏል፤ ረግረግ ውስጥ የሚፈጠር፣ ከአየር የሚቀል፣ እሳት ሲያገኝ የሚነድ። ከሥሩ ሌላም ብዙ ስም ነበረ። ሀብቴ ግን መጽሐፉን ዘጋው።

«ይነዳል» አለ።

ሰፈሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አንዲት ክብሪት ብትጫር ሰፈሩ እንዳለ በቅሎ ሳይጭን ደብረ ታቦር ይገባል። እሳት ይጥፋ።»

እሳት ጠፋ። በዙሪያው ያለ ጎረቤት ሁሉ ምድጃውን አዳፈነ። እንጀራ ከሩቅ ዘመድ ቤት በመሶብ ይመጣ ጀመር። ጥናውን የያዘው ዲያቆን በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ በቆላው መንገድ ዞረ። የእትዬ አልጣሽ ጠላ ቆመ፤ ብቅል ያለ እሳት አይታመስም። የሚነደው አየር እንዳይነድ ሁሉም ተጠነቀቀ። ስለዚህም መንደዱን አለመንደዱን ያየ አልነበረም።

ግራዝማች ተሻገር ያን ሁሉ ከአጥሩ ባሻገር ሰምተው ዝም አሉ። ግራዝማች ሲናገሩ ሰፈሩ ይስቃል፤ ዝም ሲሉ ይፈራል።

ወሬው አርብ ገበያ ሲደርስ እትዬ አልጣሽ ጓሮ ላምባ በእንስራ እየተቀዳ ነበር። ከዚያ ዞሮ መካነ ኢየሱስ ሲመለስ ቤንዚን ሆኖ ገባ፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጥቶ ዋጋ ጠየቀ። ሰዉ ሀብቴን «መምህር ላምባ» አለው። እርሱም ስሙን አልጠላውም ነበር፤ በዚያ ሳምንት አንገቱ ከኮቱ ክሳድ ወጥቶ ታይቷል።

ከዚያ ግራዝማች ተናገሩ። የተናገሩት ግን ለሰፈሩ ሳይሆን ወረዳ ቀርበው ነው። «ከመሬት በታች ያለ ሀብት የዘውድ ነው። ዘውድ እስኪመጣ ጠባቂ ያሻዋል። ጠባቂው ጎረቤት ቢሆን መንገዱ አይርቅም» አሉ። አነጋገራቸው ለመንግሥት ያሰበ ሰው አነጋገር ነው። ወረዳውም የሰማውን ይዞ ትእዛዝ ሰጠ። ጉድጓዱ ይዘጋ፤ ገብሱም እንዳለ አይነካ፤ ካሳ ይጠብቀው፤ ፍልሰታ ሲፈታ ከአውራጃው ሹም መጥተው ይዩት። የሚነድ ከሆነ ግቢው ለመንግሥት ይሆናል፤ መንግሥት እስኪረከበው ግራዝማች በአደራ ይይዙታል፤ ለእትዬ አልጣሽ ወንዝ ማዶ ምትክ ይፈለግላቸዋል። ወንዝ ማዶ ያለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩንም ሰው ያርሰዋል።

ካሳ ጠመንጃውን ይዞ ጥበቃ ጀመረ። ቀይዋን ሴት ላለማየት ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ በዚህም ፊቱ ወደ እትዬ አልጣሽ ማጀት ዞረ። ከሚመጣላቸው እንጀራ ላይ ድርሻ ነበረው።

እትዬ አልጣሽ ሀብቴን አልተሳደቡም። አንድ ቀን ጧት ደጁ ላይ ሲያልፍ ብቻ፣ ባዶውን ጋን እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«አንተ ልጅ። ዛሩ የጠየቀኝ በግ ነበር። አንተ ግቢዬን ጠየቅኸኝ።»

 

ውሃ የምትቀዳላቸው ዘመዳቸው ውዴ፣ በሚነድ አየር ላይ አልተኛም ብላ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እንስራው ደጅ ላይ ባዶውን ተጋድሟል። ሀብቴ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አንጠለጠለና እንስራውን አንስቶ ወንዝ ወረደ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የመንግሥት አስተማሪ፣ እንስራ ይዞ ሲወርድ መካነ ኢየሱስ አይታ አታውቅም። ወንዙ ላይ የነበሩት ሴቶች ልብስ ማጠቡን ተዉት።

«መምህር» አለች አበራሽ የምትባል ጎረቤት፣ «ወንዙንም ሊመዝኑት ነው?»

«ልቀዳ ነው።»

«በአፉ በኩል ነው የሚቀዳው። እንዳይሳሳቱ።»

ሀብቴ ጥልቁ ጋ ቆመና እንስራውን ደፈቀው። እንስራው ተንዶቅዱቆ ሞላ። ሞልቶ፣ ገና ከውሃው ሳይወጣ፣ ሀብቴ የእንስራውን ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሰው። አልከበደውም። ቀና አደረገው፤ አንገቱ ከውሃው ሲወጣ ጥቂት ከበደ፣ ሆዱ ሲወጣ ክንዱን ጎተተው። መልሶ ደፈቀው። ቀለለ። አወጣው። ከበደ። ደፈቀው።

«እንስራው ምን በደለው?» አለች አበራሽ ለሌሎቹ።

ሀብቴ አልሰማትም። እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ ወንዙ ውስጥ እስካለ ክብደቱ አይታወቅም፤ ዙሪያው ያለው ውሃ ተሸክሞታል። ሸክላው ብቻ ነው ለእጅ የሚሰማው። እርሱ ግን አየር የሞላበትን ጎማ አየር ውስጥ ቆሞ መዝኗል።

እንስራውን እዚያው ትቶ ወጣ። ኋላ አበራሽ ራሷ አዝላ አደረሰችው፤ «መምህሩ የሰጠመበት እንስራ» እያለች ለአንድ ዓመት አወራችው።

ሥዩም ክሊኒክ ውስጥ ቁስል እያጠበ ነበር። ሀብቴ የኳሱን ጎማ ባዶውን ጠቅልሎ መዘነው። ከዚያ በዚያው ክፍል ተራ አየር ነፍቶ መዘነው። ሚዛኑ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«አየር ክብደት የለውም ማለት ነው?» አለ ሥዩም።

«አለው። ዙሪያው ያለው አየር ተሸከመለት። ያን ዕለት ሚዛኑ የነገረን የጉድጓዱን አየር ክብደት አይደለም። ከተራው አየር የሚበልጥበትን ብቻ ነው የነገረን።»

«እና?»

«የተሸከመለትን እንመልስለት። ተራው አየር ሃያ ዘጠኝ ነው። ሃያ ዘጠኝ ሲደመር አሥራ አምስት ከምናምን።»

«አርባ አራት» አለ ሥዩም። «ከምናምን።»

«አርባ አራት።»

«የጎንደር አድባራት ቁጥር።»

መጽሐፉ አርባ አራት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል። ሰውም ከብትም ወደ ውጭ የሚተነፍሰው፣ እርጥብ እህል ታፍኖ ሲከርም የሚያወጣው፣ ከአየር የሚከብድ፣ እሳት የሚያጠፋ። ሀብቴ መስመሩን በጣቱ ተከትሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከብት እስኪገባ ክፍቱን የዋለ ጉድጓድ ለምን እንዳልተነፈሰ እዚያው ገባው። ሜቴን ቢሆን ኖሮ ቀላል ነውና ገና ጧት በወጣ ነበር። ይህ ግን ውሃ በጉድጓድ እንደሚተኛ ተኝቷል። ዶሮዋም ጩኸቷን ያቆመችው የተኛው አየር ዳርቻ ላይ ስትደርስ ነው።

ወደ ቤት ሲመለስ እትዬ አልጣሽ ደጅ ነበሩ። ከፊታቸው ቆመ። ቃሉ ተናግሮት የማያውቀው ስለሆነ ሲወጣ ጥቂት ተቸገረ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ተሳስቻለሁ።»

«በምን?»

«በሃያ ዘጠኝ።»

«ብዙ ነው?»

«ግቢዎን ያህል ነው።»

«ማስተካከያ አለው?»

«አለው። አየሩ እሳት ያጠፋል እንጂ አይነድም። ለሁሉም እነግራለሁ።»

ነገረ። ማንም አላመነውም። ጨረቃዋ ዘግይታ ነው ያለውን ሰው፣ አሁን ተሳስቻለሁ ሲል፣ ሰፈሩ ከየትኛው እንደሚጀምር ግራ ገባው። ግራዝማች ተሻገር በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ስንት ጣሳ አጠጡህ?» አሉት። ጠላ ከቆመ ሰንብቷል ቢላቸው «እንግዲያ ቃል ገብተውልህ ነው» አሉ። ሀብቴ ካሳን ክብሪት እናምጣና ይታይ ቢለው እኔ ለመጠበቅ እንጂ ለመቃጠል አልታዘዝሁም አለ፤ እውነቱን ነው። ሹሙ እስኪመጡ መጠበቅ ብቻ ቀረ።

ፍልሰታ ተፈታ። ሹሙ በበቅሎ መጡ፤ ሸምገል ያሉ፣ የመንገዱ ጭቃ ያማረራቸው ሰው ናቸው። ግራዝማች ከነካባቸው ቀድመው ግቢው ውስጥ ቆመው እንደ ባለቤት ተቀበሏቸው። እትዬ አልጣሽ የገዛ ደጃቸው ላይ እንደ እንግዳ ጥግ ያዙ። ሰፈሩ ከአጥር ውጭ ነው፤ ደፋሮቹ በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ፤ ሌላው ከደፋሮቹ ይሰማል።

«ይነዳል ያለው ማነው?» አሉ ሹሙ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ሀብቴ።

«አይነድም ያለውስ?»

«እኔው ነኝ።»

ሹሙ ወደ ግራዝማች ዞሩ። ግራዝማች እጃቸውን ዘረጉ፤ እንግዲህ ሰውየው ይህ ነው፣ ለማለት።

«ቢፈቅዱልኝ እሳት ላውርድበት» አለ ሀብቴ።

ካሳ ተነሥቶ ጠመንጃውን ነካ። «ጌታዬ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ብጠብቀውስ?» አለ። ተፈቀደለት። ግራዝማችም ካሳ ብቻውን እንዳይሆን አብረውት ወጡ። ሹሙ በቅሏቸው ዘንድ ጉዳይ አስታውሰው ራቅ አሉ። ሥዩም ግን ከሀብቴ ጎን ቀረ።

«እንደገና ተሳስተህ ከሆነስ?» አለው ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ ተሳስተሃል የሚለኝ አይኖርም።»

እትዬ አልጣሽ ከያዙት ጥግ ተነሥተው ጧፍ ለኩሰው አመጡ። ሰጥተውት ዞር አላሉም፤ ከግራው ቆሙ። «የእኔ ጉድጓድ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ካሳ ከመውጣቱ በፊት ድንጋዩን ፈንቅሎ ትቶት ነበር። ሀብቴ ጧፉን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ በአፉ በኩል አወረደው። ነበልባሉ የአፉን ጠርዝ አለፈ። ጥቂት ወረደ። ከዚያ ሰው እፍ እንዳለበት ሆኖ ጠፋ። ጢሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ ዳርቻው ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ተኛ።

ሹሙ ከበቅሏቸው ተመለሱ። «ድገመው» አሉ።

ደገመው። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ግራዝማች ነፋስ ነው ብለው ከውጭ ተናገሩ። ሹሙም «ነፋስ ከሆነ ይግቡና ይከልክሉልን» አሏቸው። ግራዝማች ገቡ፤ ራሳቸው የለኮሱትን ችቦ ራሳቸው አወረዱ፤ ችቦው ከነጉልበቱ ድርግም አለ። የከሰለውን ጫፍ አውጥተው አዩት፤ አላግባብ እንደፈረደባቸው ዳኛ አዩት።

«ታዲያ ይህ አየር ለመንግሥት ምን ይሠራል?» አሉ ሹሙ።

«የጠላ አረፋ ይሠራል ጌታዬ» አለ ሀብቴ። «ጋን ውስጥ የሚፈላውም እርሱው ነው።»

ሹሙ ወደ እትዬ አልጣሽ ዞሩ። «ጠላ አለ?»

«ገብሴ ጉድጓድ ውስጥ ነው ጌታዬ። መንግሥት እየጠበቀው ነው።»

ሹሙ የመጡበትን መንገድና ጭቃውን አሰቡ መሰለኝ፣ ፊታቸው ከበድ አለ። «ጥበቃው ይነሣ» አሉ። «ግቢው የሴትዮዋ ነው፤ ገብሱም።» ከዚያ በቅሏቸው ላይ ወጡ። ለአረፋ ብለው ከደብረ ታቦር ድረስ መምጣታቸውን በመንገድ ላይ ለሎሌያቸው ሲናገሩ ተሰምቷል።

የቀረው ገብሱን ማውጣት ነው። አየሩ ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ተኝቷል፣ እንደ ውሃ ይቀዳል አለ ሀብቴ። ባልዲ፣ ቅል፣ ስልቻ መጣ። ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ ከጉድጓዱ ባዶ ባልዲ እያወጣ፣ ባዶውን ባልዲ እየተቀባበለ፣ አጥሩ ሥር ይደፋ ጀመር። ምንም ሳይቀዳ ምንም የሚደፋ ሕዝብ ያየ አንድ መንገደኛ ቆሞ ምን እያደረጋችሁ ነው ቢል፣ አበራሽ «ጉድጓድ እያጠፈፍን» አለችው። አማትቦ ሄደ። በየመካከሉ ጧፍ ይወርዳል። ነበልባሉ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ይጠፋ ነበር፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገብሱ ላይ ደርሶ ሳይጠፋ ቆመ።

ካሳ ወረደ። ስልቻ ሞልቶ ላከ፣ ደግሞ ሞልቶ ላከ፣ ሲጨርስ በራሱ እግር ወጣ።

«ሴትዮዋስ?» አሉት።

«ዛሬ የለችም» አለ። ጥቂት የናፈቀችው ይመስል ነበር።

እትዬ አልጣሽ ገብሱን በመዳፋቸው ዘግነው አሸተቱት። ከላይ ያለው ጥቂት ሻግቷል፤ ከሥሩ ያለው ደህና ነው። «መምህር፣ ዛሬ ራት እኔ ዘንድ ነው» አሉት። ሀብቴ አንቱታውን ሰምቶ ቀና አለ።

ይህን ሲባባሉ ግራዝማች ተሻገር በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። በእጃቸው አንዲት ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው ይዘዋል። ዶሮዋ አትንቀሳቀስም።

«ያን ሁሉ የደፋችሁት ወደ እኔ ግቢ ነው» አሉ። «አጥሩ ሥር ተኝታ የነበረች ዶሮዬን ገድላችኋል። ካሣ እፈልጋለሁ። እምቢ ካላችሁም ፍርድ ቤት አለ። አርባ አራት ብሏል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ይከብዳል ብሏል፣ ወደ ታች ይፈስሳል ብሏል። የእኔ ግቢ ደግሞ ታች ነው።»

ሰፈሩ ወደ ሀብቴ ዞረ። ነገሩ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዶሮዋ በእርጅና ሞታ ሊሆን ይችላል፤ ግራዝማች የያዙበት አያያዝ ደግሞ የሰው እጅ እንዳለበት ያሳስብ ነበር። ሁሉም የሀብቴን መልስ ጠበቀ፤ መልስ ደግሞ ከእርሱ ዘንድ ዘግይቶ አያውቅም።

ሀብቴ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዶሮዋን አየ፣ አጥሩን አየ።

«ሥዩም» አለ፣ «ሚዛኑን አምጣልኝ። መጀመሪያ ልመዝን።»